አባቴ በጉም ውስጥ ሲጠራኝ

ሥራዬ ድንጋይ መጥረብ ነበር። ደብረ ብርሃን ውስጥ አዲስ ቤት ሲሠራ ግድግዳው ላይ የሚለጠፈውን ጥርብ ድንጋይ፣ ደረጃውን፣ አንዳንዴም የመቃብር ሐውልት ከሚያዘጋጁት ልጆች አንዱ ነበርኩ። ስጀምር በመዶሻና በመሮ ነበር የምንሠራው። በኋላ ግራይንደር የሚሉት የኤሌክትሪክ መቁረጫ መጣ፤ ቀኑን ሙሉ ሲያለፋን የሚውል ድንጋይ በአንድ ጠዋት ያልቅ ጀመር። ማሽኑ ድንጋዩን ሲነካው ነጭ አቧራ እንደ ጢስ ተነስቶ ይሸፍነናል። አፍና አፍንጫችንን በሻርፕ ጠቅልለን እንውላለን። ማታ ስንታጠብ ከራሳችን የሚወርደው ውሃ ሊጥ ይመስላል። «ዛሬም ወፍጮ ቤት ውለን መጣን» እየተባባልን እንሳሳቃለን። ጉልበት ነበረን፣ ሥራ ነበረን፤ አቧራ ሰው ይገድላል ብሎ የነገረን ግን አልነበረም።

ሳሉ ሲጀምረኝ ብርድ መሰለኝ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ያልሳለ ማን አለ? ነጭ ሽንኩርቱንም ማሩንም ሞከርኩት። ሲብስብኝና ልብሴ ሲሰፋኝ ወደ አንድ ክሊኒክ ሄጄ ራጅ ተነሳሁ። አክታዬ ተመርምሮ ምንም አልተገኘበትም፤ ራጁ ግን «ጥሩ አይደለም» ተባለና የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ጀመርኩ። አንድም ቀን ሳላቋርጥ ጨረስኩት። ሳሉ አልሄደም።

የሄደው ሰው ነው። አከራዬ ክፉ ሴት አልነበሩም፤ ግን አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ የውሃ ጀሪካኔንና ኩባያዬን ከሌላው ለይተው ደጃፌ ላይ አስቀምጠውልኝ አገኘሁ። ልጆቻቸው ወደ እኔ ክፍል ሲጠጉ ይጠሯቸዋል። የሥራ ጓደኞቼ ምሳ ሰዓት ላይ «አንተ ብላ፣ እኛ በልተናል» ማለት ጀመሩ። ከአንድ ትሪ መጉረስ የለመደ ሰው ብቻውን ሲቀመጥ እንጀራው ጉሮሮው ላይ እንዴት እንደሚቆም የደረሰበት ያውቀዋል። መድኃኒቱን መጨረሴን ብናገርም፣ ሳሉ ስላልቆመ ማንም አላመነኝም። እኔም ራሴን አላመንኩትም። ሰው ሲሸሸኝ ቀድሜ መሸሽ ተማርኩ። ታክሲ ውስጥ መስኮት ዳር፣ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ከቅጥሩ ውጭ፣ ለቅሶ ቤት ከድንኳኑ ጫፍ።

ከሁሉም የሸሸሁት አባቴን ነው። አባቴ አቶ ወልደየስ የሚኖረው ከአንኮበር በታች፣ ከጎረቤላ ወደ አልዩ አምባ በሚወርደው ገደል ወገብ ላይ በተቀመጠች መንደር ነው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ብቻውን ነው። እኔ ደግሞ «ሽማግሌ ነው፤ ካጋባሁበት አይተርፍም» ብዬ ሁለት ዓመት ሙሉ እግሬን ሰበሰብኩ። በጎረቤት ስልክ ሲያስደውልልኝ «ሥራ በዝቶብኝ ነው አባባ» እላለሁ። «ይሁን፣ ሥራ ይብዛልህ» ይልና ስልኩን ለጎረቤቱ ይመልሳል።

በክረምቱ መጨረሻ ላይ ያ ጎረቤት ራሱ ደወለልኝ። «ሽመልስ፣ አባትህ ትናንት የገዛ ቤቱ በር ጠፍቶበት አጥሩን ሲዳብስ አገኘነው» አለኝ። የዓይን ሞራ ጋርዶት ነበር። በዚያው ሳምንት ደብረ ብርሃን የዓይን ሐኪሞች መጥተው ሞራ የሚገፍፉ መሆናቸውን ሰምቼ ስለነበር፣ ሥራዬን ትቼ ላመጣው ተነሳሁ። ታማሚው እሱ፣ ረዳቱ እኔ መስሎኝ ነበር።

እስከ ጎረቤላ በሚኒባስ ሄድኩ። ከዚያ በታች ናዳ መንገዱን ስለዘጋው መኪና አይወርድም ተባለ። በእግሬ ወረድኩ። ቁልቁለቱ ምንም አላለኝም፤ ጉልበቴን ብቻ አንቀጠቀጠው። ልጅ ሆኜ የተመላለስኩበት መንገድ ስለሆነ እንዲያውም ደስ አለኝ። የአስታው ቁጥቋጦ፣ ጥዱ፣ ገደሉ ጫፍ ላይ ሣር የሚነጩት ጭላዳ ዝንጀሮዎች፣ ሁሉም እንደ ድሮው ነበሩ።

አባቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ኮቴዬን ሲሰማ ቀና አለ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ አባባ። ሽመልስ።»

ተነስቶ ሁለት እጁን ዘርግቶ ፊቴን ፈለገ። እኔ ትከሻዬን ሰጠሁት።

«ምነው፣ ጉንጭ የለህም?»

«ጉንፋን ይዞኛል፤ እንዳላጋባብህ ብዬ ነው።»

«ሁለት ዓመት የያዘህ ጉንፋን ነው?» አለና ተመልሶ ተቀመጠ።

ያን ምሽት እሱ መደቡ ላይ፣ እኔ በሩ ሥር ተኛን። ሳሌን ለማፈን ጋቢውን አፌ ውስጥ ጎስሬ አደርኩ። አባቴ አለመተኛቱን ከአተነፋፈሱ አውቅ ነበር።

በማግስቱ የጎረቤላ ገበያ ነበር። የመንደሩ ሰው ገና ሳይነጋ ወጥቷል። እኛ ለጸሐይ ብለን ስላረፈድን መንገዱ ባዶ ሆኖ ጠበቀን። አባቴ ጋቢውን አጣፍቶ በትሩን አነሳ። እኔ የበትሩን አንድ ጫፍ ይዤ ከፊት፣ እሱ ሌላውን ጫፍ ይዞ ከኋላ ሆነን ዳገቱን ጀመርን።

መጀመሪያ ያገኘነውን ጠመዝማዛ እንዳለፍን ቆምኩ። ጫማዬን የማጠብቅ መሰልኩ። ትንሽ ሄጄ እንደገና ቆምኩ። አሁን የማጠብቀው ጫማ አልነበረም።

«ምን አየህ?» አለኝ አባቴ።

«ትንሽ... ልረፍ።»

«የከተማ እህል ጉልበት የለውም ማለት ነው? እኔ ሰባውን ያለፍኩት ሰውዬ ገና አላላበኝም።»

ሊያስቀኝ ብሎ ነው። ልስቅ ስል ሳሉ ተነሳብኝ። ሳል ስላችሁ ተራ ሳል እንዳይመስላችሁ። ጎንበስ አድርጎ የሚያስቀር፣ ዓይን የሚያጨልም ነው። ሲለቀኝ አፌን ከፍቼ አየር ሳብኩ። የሳብኩት አየር አንገቴ ጋ ደርሶ የሚመለስ መሰለኝ። ደብረ ብርሃን ሜዳ ነው፤ ሥራዬም ተቀምጦ ስለሆነ ትንፋሼ ምን ያህል እንዳለቀ ሳላውቅ ኖሬያለሁ። ያ ዳገት ግን ነገረኝ።

ጥቂት እንደሄድን ቦታ ተለዋወጥን። ማናችንም «እንለዋወጥ» አላልንም። እኔ እየዘገየሁ ስመጣ፣ በትሩ እየረገበ ሲሄድ፣ እሱ አልፎኝ ወጣ። ከዚያ ወዲያ የሚስበኝ እሱ ሆነ። ዓይኑ የጠፋው ሽማግሌ በእግሩ ድንጋዩን እየዳበሰ፣ እኔ የሰላሳ ስድስት ዓመቱ ጎልማሳ በበትር እየተጎተትኩ ወጣን። ሁለተኛውን ጠመዝማዛ እንዳለፍን ግን እግሬ እምቢ አለ። አንዱ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ።

አባቴ አጠገቤ ሊቀመጥ ሲል ሸሸት አልኩ። ሰማኝ።

«ምንህን ነው ከእኔ የምታርቀው?» አለ። ድምፁ አሁን የቀልድ አልነበረም። «እኔ ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ አልጠፋም። ማታ ሳልህን ሰምቻለሁ። ያ የጉንፋን ሳል አይደለም።»

ከዚያ በላይ መደበቅ አልቻልኩም። «ሳንባ ነቀርሳ ነው አባባ» አልኩት፤ በየቃሉ መሐል አየር እየፈለግኩ። «መድኃኒት ጨርሻለሁ። ግን አልለቀቀኝም። እንዳላጋባብህ ብዬ ነው... የቀረሁት።»

ከበታቻችን አንድ ቁራ ሲጮኽ ይሰማል።

«ሁለት ዓመት» አለ በመጨረሻ። «ሁለት ዓመት ምን በደልኩት እያልኩ ነው የኖርኩት። የእናትህ ተዝካር ላይ የተናገርኩህ ነገር ይሆን እላለሁ። በሬውን ስሸጥ ሳላማክርህ ቀርቼ ይሆን እላለሁ። አንተ ለካ ለእኔ ብለህ ነው!»

«እንዳትሞትብኝ...»

«በሰባ ዓመቴ በምን እንዳልሞት ነው ልጄን የምሸሸው?» አለና ጋቢውን አውልቆ በላዬ ጣለ። ከዚያ እየዳበሰ ጭንቅላቴን ያዘና ጉንጬን፣ ግንባሬን፣ ዓይኔን ሳመኝ። ሰው ከነካኝ ስንት ጊዜ እንደሆነ ያኔ ነው ያስታወስኩት። ላለቅስ ብል ለልቅሶም ትንፋሽ አልነበረኝም።

እንደዚያ ተቀምጠን ሳለ ጉሙ ከቆላው ተነሳ። የአንኮበርን ጉም የማያውቅ ሰው ካለ ልንገረው፤ ከሰማይ አይወርድም፣ ከገደሉ ሥር ነው የሚወጣው። መጀመሪያ ታች ያሉት ማሳዎች ጠፉ፣ ቀጥሎ መንገዱ፣ ቀጥሎ ከፊታችን የነበረው ጥድ። ብርዱ ሲገባኝ ደረቴ የባሰ ተጨነቀ። እጄን ባይ ጥፍሮቼ ሰማያዊ ሆነዋል። አባቴ ይህን አላየም፤ ትንፋሼን ግን እያዳመጠ ነበር። እንደ ወናፍ እየጮኸ የሚወጣው ትንፋሼ እያጠረ መሄዱን ሰማ።

«አንተ ከዚህ አትነሳ» አለ ብድግ ብሎ። «ከላይ የአልዩ አምባ ነጋዴዎች የሚመጡበት መንገድ ይገናኛል። አንድ ሰው አላጣም።»

«እንዴት... ታያለህ?»

«ይህን መንገድ መቼ በዓይኔ ሄድኩበት? ገና በእናቴ ጀርባ ሳለሁ ነው የማውቀው። አንተ ብቻ ከዚህች አትንቀሳቀስ።»

በትሩ ድንጋይ ሲነካ ቀጭ፣ ቀጭ ሲል ተሰማኝ። ከዚያ ጉሙ ድምፁንም ዋጠው።

ብቻዬን ቀረሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ስንት እንደነበር አላውቅም። ካፊያ ጀመረ። ጋቢው ሲረጥብና መንቀጥቀጥ ሲይዘኝ፣ ከመንገዱ ትንሽ ወረድ ብሎ ያለው ዋሻ መሰል አለት ትዝ አለኝ። አትንቀሳቀስ መባሌን እያወቅኩ በእጄና በጉልበቴ እየዳህኩ ሥሩ ገባሁ። ያቺ ጥቂት እርምጃ የቀረችኝን ጉልበት ጨረሰቻት። ጀርባዬን ድንጋዩ ላይ አስደግፌ አፌን እንደ ዓሣ እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ።

ሰው እንዲህ ባለ ጊዜ ትልልቅ ነገር የሚያስብ ይመስለኝ ነበር። እኔ ያሰብኩት የክፍሌን ቁልፍ ነው። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው፤ እዚህ ከሞትኩ አከራዬ በሩን እንዴት ይከፍታሉ? ከፍተውስ ምን ያገኛሉ? አንድ ፍራሽ፣ አንድ ሰሃን፣ አንድ ኩባያ። የሚጠይቀኝ ሰው ይኖር ይሆን? ቀጥሎ የመጣብኝ ሐሳብ ይበልጥ አስፈራኝ። ሰውን ስሸሽ፣ ስሸሽ፣ በመጨረሻ የማጋባበት አንድም ሰው የሌለበት ቦታ ደርሻለሁ። የፈለግኩት ይህን ነበር። አሁን ደግሞ አንድ ሰው፣ ማንም ይሁን፣ አጠገቤ ተቀምጦ ቢስልብኝ እንኳ በወደድኩ።

«ሽመልስ!»

የአባቴ ድምፅ ነው። ከላይ፣ ከሩቅ። «አቤት!» ልል አፌን ከፈትኩ። የወጣው ፉጨት የመሰለ ነገር ነው፤ ከራሴ ጆሮ አያልፍም።

«ሽመልስ! አለህ?»

ቀረበ። አንድ ሌላ ሰው አብሮት ያወራል፤ የከብት ኮቴም ይሰማል። ቀድሞ የተቀመጥኩበት ድንጋይ ጋ ደረሱ። «እዚህ ነው ያስቀመጥኩት» ሲል ሰማሁት፤ «እዚችው ድንጋይ ላይ!» እጁ ድንጋዩን ሲዳብስ የማየው ያህል ነበር። እኔ ከበታቻቸው፣ ድንጋይ ቢወረውሩ በሚደርስበት ቦታ ነኝ። ግን ጉሙ እጄን እንኳ አያሳየኝም። አየር ሰብስቤ እንደገና ሞከርኩ። ሳል ብቻ መጣ፤ እሱም የታፈነ፣ የደከመ።

«ወድቆ ይሆን?» አለ ሌላው ድምፅ።

«ሽመልስ! ልጄ! ሽመልስ!»

የአባቴ ድምፅ እንዲያ ሲሆን ሰምቼ አላውቅም። እናቴን ስንቀብር እንኳ አልጮኸም። እየጠራኝ ወደ ታች አለፈ። ኮቴውም ተከተለው። እየራቁ ነው። ጥለውኝ ሊሄዱ ነው፤ እኔም «አለሁ» የምትል አንዲት ቃል የምትሆን ትንፋሽ የለኝም።

መሬቱን ስዳብስ አንድ ጡብ የሚያህል ድንጋይ እጄ ገባ። አንስቼ የተደገፍኩትን አለት መታሁት። ድምፁ ጥሩ ነበር። ደግሜ መታሁ። ክንዴ ከሳንባዬ ይልቅ ጉልበት ነበረው፤ ዕድሜዬን ሙሉ ያንን ነውና የሠራሁት። ሁለቴ መትቼ አረፍኩ፣ ሁለቴ መትቼ አረፍኩ።

ኮቴው ቆመ።

«ድንጋይ የሚመታ ሰው አለ» አለ እንግዳው።

«እሱ ነው!» አለ አባቴ። «እሱ ነው፣ ልጄ ድንጋይ ጠራቢ ነው!»

ከዚያ በኋላ ያለውን በቁርጥራጭ ነው የማስታውሰው። የመጣው ሰው ጋሽ ሰይድ የሚባል፣ አባቴን ከገበያ የሚያውቀው የአልዩ አምባ ነጋዴ ነው፤ በበቅሎው ሽንኩርት ጭኖ ወደ ገበያው ይወጣ ነበር። የበቅሎው ጭነት መንገድ ላይ ስለዘመመበት ነው ከጓደኞቹ ወደ ኋላ የቀረው። እኔን እንዳየኝ «ላ ኢላሃ ኢለላህ!» አለና ወደ አባቴ ዞረ። «ወልደየስ፣ ልጅህ ፊቱ አመድ ሆኗል። ቶሎ እናውጣው።»

«ጭነትህስ?»

«ሽንኩርት ነው፤ አይሞትም» አለና መጫኛውን ፈትቶ ጆንያዎቹን መንገድ ዳር ዝናብ ላይ ተወው።

በሁለቱ ድጋፍ በቅሎው ላይ ወጣሁ። ጋሽ ሰይድ ከፊት ይስባል፤ አባቴ እንዳልወድቅ ወገቤን ይዞ ከጎን ይሄዳል። አንዴ «ሰይድ፣ የዚህ ልጅ በሽታ የሚያጋባ ነው ይላል፤ ማወቅ አለብህ» ሲለው ሰማሁ። ሰውየው ሳይዞር «የሚመጣውን አላህ ያውቃል። አብሽር ልጄ፣ ደርሰናል» አለ። ደርሰን አልነበረም፤ ብዙ ይቀረን ነበር። ግን ያን ቃል ይዤ ወጣሁ።

ጎረቤላ ጤና ጣቢያ ኦክስጅን አደረጉልኝ። በአፍንጫዬ የገባችው ቀዝቃዛ አየር ከምግብም ከውሃም ጣፈጠችኝ። ከዚያ በአምቡላንስ ወደ ደብረ ብርሃን ወሰዱኝ። ጋሽ ሰይድ እስከ መኪናው በር መጥቶ የአባቴን እጅ ከጨበጠ በኋላ ሽንኩርቱን ሊያነሳ ወደ ታች ተመለሰ።

ሆስፒታል ውስጥ ያየችኝ ሐኪም ወጣት ሴት ነበረች። አዲስ ራጅ አስነሳችኝ፤ አክታዬንም ደጋግማ አስመረመረች። በሦስተኛው ቀን ራጁን መስኮቱ ላይ አስጠግታ ብዙ ከቆየች በኋላ፣ እስከዚያ ቀን ማንም ያልጠየቀኝን ጠየቀችኝ።

«ሥራህ ምንድነው?»

«ድንጋይ እጠርባለሁ።»

«በእጅ ነው በማሽን?»

«በማሽን። ድሮ በእጅ ነበር።»

«ስትቆርጡት ውሃ ታፈሱበታላችሁ?»

«አይ፣ በደረቁ ነው።»

ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። አባቴ በሌላ በኩል ነበር። «ያለብህ የሳንባ ነቀርሳ አይደለም» አለችኝ። «የድንጋዩ አቧራ በጣም ደቃቅ ነው። ሻርፕ አያስቀረውም። ሳንባህ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፣ ያቆስላል፣ ቁስሉ ደግሞ ጠባሳ ይሆናል። በየዓመቱ ጠባሳ በጠባሳ ላይ ሲደራረብ ኖሯል። በሽታው ሲሊኮሲስ ይባላል።»

አባቴ ጎንበስ ብሎ ሲያዳምጥ ቆይቶ «ልጄ፣ ጠባሳ ማለትማ ቁስሉ ዳነ ማለት አይደለም እንዴ?» አላት።

ሐኪሟ ወደ እሱ ዞረች። «ክንድ ላይ ቢሆን ልክ ነዎት አባባ። ሳንባ ግን አየር ሲገባ መለጠጥ አለበት፤ ከዚያ አየሩን ወደ ደሙ ያሳልፋል። ጠባሳ ደረቅ ነው፤ አይለጠጥም፣ አያሳልፍም። ለዚህ ነው ቁጭ ሲል ደህና የሚመስለው፣ ዳገት ሲወጣ የሚታፈነው።»

«ይድናል?»

«ጠባሳው አይጠፋም። የጠፋውን ሳንባ መመለስ አንችልም። አቧራውን ከተወ፣ ሌላ የሳንባ በሽታ እንዳይደርብበት ከተጠነቀቀ፣ የቀረውን ማቆየት ይቻል ይሆናል። ነቀርሳም እንዲህ ያለውን ሳንባ ይወዳልና በየጊዜው መመርመር አለበት። ዛሬ ግን የለበትም።»

«ታዲያ ይሄ...» አለ አባቴ፤ ቃሉን ለማውጣት ተቸገረ። «ይሄ ከሰው ወደ ሰው...»

«አይተላለፍም።»

«እስቲ ድገሚልኝ።»

«አይተላለፍም አባባ። አብሮት ቢበሉ፣ አብሮት ቢተኙ አይተላለፍም። ድሮም አይተላለፍም ነበር።»

እሷ ወጥታ ሄደች። የምሥራቹና መርዶው በአንድ አፍ ስለመጡ የቱን ቀድመን እንደምንቀበል አላወቅንም። እኔ የማስበው ስለ ሳንባዬ አልነበረም። ለብቻው የተቀመጠው ኩባያ፣ በበሩ ሥር ያደርኩት ሌሊት፣ አባቴ «ምን በደልኩት» እያለ የቆጠራቸው ቀናት ናቸው ዓይኔ ላይ የመጡት። ያ ሁሉ ብቸኝነት ለማንም አልጠቀመም። ማንንም አላዳነም።

የአባቴ አንድ ዓይኑ በዚያው ሰሞን ሞራው ተገፈፈለት። ፋሻው ሲነሳ አልጋዬ አጠገብ መጥቶ ብዙ ጊዜ አየኝ። ከስቻለሁ፣ ፀጉሬ ሸብቷል፤ አውቃለሁ። «እናትህን መስለሃል» ብቻ አለኝ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምናልባት ከመሐላችሁ አንዱ ዛሬ ግራይንደር ይዞ በሻርፕ ተጠቅልሎ ውሎ ይሆናል። ወንድሜ፣ ውሃ አፍስስበት። ሻርፑ አይበቃህም፤ ደህና መሸፈኛ ፈልግ። ልብስህን ወደ ልጆችህ ይዘህ አትግባ። ሳልህ ካልለቀቀህ ሐኪም ፊት ስትቀርብ፣ ባትጠየቅም እንኳ ሥራህን ተናገር። አብረውኝ ከሚሠሩት አንዱ፣ ሳቂታ ልጅ ነበር፣ «ነቀርሳ ነው» ተብሎ ወደ አገሩ እንደሄደ አልተመለሰም። ምን እንደገደለው በእርግጥ አላውቅም። ሳስበው ግን እነዚያ ነጭ ሆነን የምንስቅባቸው ምሽቶች ይመጡብኛል።

ሌላም የምለው አለኝ። ጎረቤታችሁ ሲስል ሐኪም ቤት ውሰዱት፤ ኩባያውን ከመለየታችሁ በፊት ስሙን ጠርታችሁ እንዴት ነህ በሉት። ነቀርሳ ቢሆን እንኳ መድኃኒት አለው። ብቻውን ለተተወ ሰው ግን ምን መድኃኒት እንዳለው እኔ አላገኘሁም።

ድንጋዩን ትቻለሁ። አሁን የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ተቀምጬ ዕቃ አስረክባለሁ። አከራዬ ነገሩን ሲሰሙ አልቅሰው ኩባያዬን ከኩባያዎቻቸው ጋር ደባለቁት። ቢሆንም ሰው መሸሽ ከለመድኩ በኋላ መመለሱ ቀላል አልሆነልኝም። አሁንም ድንኳን ስገባ እግሬ ወደ ጫፉ ይሄዳል።

ወደ ተወለድኩበት መንደር መውረድ አልችልም። መውረዱንስ እወርዳለሁ፤ የሚያወጣኝ ሳንባ የለኝም። ስለዚህ በገበያ ቀን እኔ ከደብረ ብርሃን በሚኒባስ ጎረቤላ እመጣለሁ፣ አባቴ ደግሞ ዳገቱን ይወጣል። አንድ ምግብ ቤት ገብተን ከአንድ ትሪ እንበላለን። ከዚያ እስከ ቁልቁለቱ አፍ እሸኘዋለሁ። ከዚያ ወዲያ የእሱ መንገድ ነው። ጀርባው እስኪጠፋ ቆሜ አያለሁ።

ባለፈው ሰሞን እዚያው ቆመን፣ ሳላስበው በሆዴ የከረመውን ነገር ተናገርኩት። «አባባ፣ አንድ ቀን የማይቀረው ሲመጣ፣ ወርጄ አልቀብርህም» አልኩት።

«እሱን ጨርሻለሁ» አለኝ፤ ስለ በግ ሽያጭ የሚያወራ ይመስል። «የነፍስ አባቴንም ዕድርተኛውንም ነግሬያቸዋለሁ። የምቀበረው እዚህ ላይ ጎረቤላ ነው።»

እናቴ የተቀበረችው ታች፣ መንደሩ ውስጥ ነው። ከአጠገቧ ቦታ ይዞ ድንጋይ አስቀምጦ እንደነበር አውቃለሁ።

«እማዬስ?» አልኩት።

«እናትህ ትረዳኛለች። ልጇን ታውቀዋለች።» በትሩን አነሳና ቁልቁለቱን ጀመረ። ጥቂት ወርዶ ዞር ሳይል እንዲህ አለኝ፦ «አንተ መውረድ አትችልም። እኔ ሞቼም ቢሆን እወጣለሁ።»